የሦስት ሰከንድ የስልክ ቻርጅ እንዴት ሌዘር ይሆናል? ቤት ውስጥ ስለሚሰሩ ሌዘሮች ቪዲዮው የማይነግራችሁ



ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ጠረጴዛ ላይ ሽቦ ተዘርግቷል፣ ትላልቅ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል፣ መሃል ላይ ከእርሳስ የማይወፍር የክሪስታል ዘንግ ተቀምጧል። ባለቤቱ ቁልፉን ሲጫን «ጧ!» ይላል። ፊት ለፊት የቆመው ምላጭ ይበሳና ብልጭታ ይረጫል። ከሥር ያለው ኮሜንት ሁሌም ሁለት ዓይነት ነው፦ «ኤዲት ነው፣ ውሸት ነው» እና «እኔም እሰራዋለሁ»።

ውሸት አይደለም። እንደዚህ ዓይነት ሌዘር ቤት ውስጥ የሚሰሩ ሰዎች በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ለብዙ አስርት ዓመታት ነበሩ፣ አሁንም አሉ። «እኔም እሰራዋለሁ» ለሚለው ግን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የማይነግረው ብዙ ነገር አለ። ዛሬ ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ከሥር ጀምረን እናያለን። ከዛ ደግሞ ይሄ ማሽን ሊወስድባችሁ ስለሚችለው ሁለት ነገር እናወራለን፦ ስለ ልባችሁና ስለ ዓይናችሁ።

▪ ቁም ነገሩ ብዛት ሳይሆን ፍጥነት ነው

ከስልካችሁ እንጀምር። 5,000 ሚሊአምፒር-አወር የሚል ባትሪ ሙሉ ሲሆን ወደ 69 ሺህ ጁል የሚጠጋ ኢነርጂ ይይዛል።

አሁን ደግሞ በዛ በፊልም ዘመን አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏትን ርካሽ ካሜራ አስቡ። ውስጧ አንድ ተራ 1.5 ቮልት ባትሪ አለ። ትንሽ ሰርኪዩት ያንን 1.5 ቮልት ወደ 330 ቮልት ገደማ ከፍ አድርጎ 120 ማይክሮፋራድ የሚሆን ካፓሲተር ይሞላል። ስሌቱ ይሄ ነው፦ ኢነርጂ = ½ × ካፓሲታንስ × ቮልቴጅ × ቮልቴጅ። ውጤቱ 6.5 ጁል ነው። በቃ። ይሄ ለስልካችሁ ቢሰጠው ስክሪኑን ከፍቶ ለሦስት ሰከንድ ያህል ቢያቆየው ነው። ከስልኩ ባትሪ ጋር ሲነፃፀር ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ያንሳል።

ታዲያ ያ የካሜራ ፍላሽ ለምን ዓይን ያጥበረብራል?

መልሱ ጊዜው ነው። ፍላሹ ያንን 6.5 ጁል የሚያፈሰው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። 6.5 ጁል በ1 ሺህኛ ሰከንድ ማለት 6,500 ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ሺህ ዋት ስለሚወስድ፣ ያቺ የምትጣል ካሜራ ለአንዲት ቅፅበት ሁለት ምጣድ የሚያህል ፓወር ታወጣለች ማለት ነው። ያውም ከግድግዳ ሰዓት ባትሪ!

ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ይሄን ቶሎ ትረዱታላችሁ። ውሃው ሌሊቱን ሙሉ በቀጭኑ እየተንጠባጠበ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ይሞላል። ጠዋት ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ስትከፍቱት ግን ዷ ብሎ ይወርዳል። የውሃው መጠን ያው ነው፣ የተለየው የወረደበት ጊዜ ነው። ካፓሲተር የኤሌክትሪክ ሮቶ ነው። ቀስ ብሎ ሞልቶ በአንዴ መልቀቅ፣ ይሄ ዘዴ «ፐልስድ ፓወር» ይባላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከቀመሩ ያዙ፦ ቮልቴጁ በራሱ ስለሚባዛ፣ ቮልቴጁን እጥፍ ስታደርጉ ኢነርጂው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ይሄ ቁጥር ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

▪ ሌዘር ለምን ፍላሽ ያስፈልገዋል?

አቶምን እንደ ኮንዶሚኒየም አስቡት። ሊፍት የለውም። ነዋሪዎቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ማንም ካልነካቸው ሁሉም ግራውንድ ላይ መሆን ይወዳሉ። ወደ ላይኛው ፎቅ ለመውጣት ኢነርጂ ያስፈልጋቸዋል፣ ሲወርዱ ደግሞ ያንን ኢነርጂ ብዙ ጊዜ በብርሃን መልክ ይለቁታል።

አልበርት አንስታይን በ1917 አንድ ነገር አስተዋለ። ኤሌክትሮኑ ላይኛው ፎቅ ላይ እያለ ልክ ከሚለቀው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የብርሃን ቅንጣት (ፎቶን) በአጠገቡ ካለፈ፣ ኤሌክትሮኑ ተቀስቅሶ ይወርዳል። ሲወርድ የሚለቀው ፎቶን ደግሞ የአላፊው መንትያ ነው፦ በቀለም፣ በአቅጣጫ፣ በምት አንድ ናቸው። አንዱ ሁለት ሆነ። ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ አራቱ ስምንት።

ሰርግ ላይ ጭብጨባ ሲጀመር አይታችኋል? መጀመሪያ እዚህም እዚያም ይጨበጨባል። አንዱ ምቱን ሲይዘው አጠገቡ ያለው ይከተላል፣ ከደቂቃ በኋላ አዳራሹ በአንድ ምት ነው። ተራ አምፖል የገበያ ጫጫታ ከሆነ ሌዘር ያ በአንድ ምት የሚመታ ጭብጨባ ነው።

ግን አንድ ችግር አለ። ያ ፎቶን ላይኛው ፎቅ ያለ ኤሌክትሮን ካገኘ ይባዛል፤ ግራውንድ ያለ ኤሌክትሮን ካገኘ ግን ይዋጣል፣ ኤሌክትሮኑ ይበላውና ራሱ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ብርሃኑ እንዲባዛ ከተፈለገ ላይ ያሉት ከታች ካሉት መብለጥ አለባቸው። ተፈጥሮ ደግሞ ይሄን አትወድም። በጉልበት ነው ማድረግ የሚቻለው።

ልክ ውሃን በፓምፕ ወደ ጣሪያ እንደመግፋት ኤሌክትሮኖችንም መግፋት ያስፈልጋል። ፓምፑ ሌላ ብርሃን ሲሆን «ኦፕቲካል ፓምፒንግ» ይባላል፦ በብርሃን ብርሃን ማምረት። አቶሞችን በብርሃን የማንሳትን ሐሳብ ያዳበረው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ካስትለር በ1966 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሞበታል።

▪ ሬዲዮ ጠጋኙ ልጅ

1950ዎቹ መጨረሻ ላይ የዓለም ትልልቅ ላቦራቶሪዎች የመጀመሪያውን ሌዘር ለመሥራት ይሯሯጡ ነበር። አብዛኞቹ ያተኮሩት ሳያቋርጥ የሚያበራ ነገር ላይ ነው።

ቴዎዶር ማይማን የሚባል አሜሪካዊ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ማይማን አባቱ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው፤ እሱም በወጣትነቱ ሬዲዮና የቤት ዕቃ እየጠገነ የትምህርት ቤት ወጪውን ይሸፍን ነበር። በኋላ ካሊፎርኒያ ማሊቡ በሚገኘው የሂዩዝ የምርምር ላቦራቶሪ ተቀጠረ። የመረጠው ሩቢ የሚባለውን ቀይ ክሪስታል ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች «ሩቢ የሚበላውን ብርሃን መልሶ በደንብ አያወጣም» ብለው ትተውታል። ማይማን ራሱ እንደገና ለካው፣ የቀደመው ልኬት ስህተት መሆኑን አገኘ።

ከዛ ብልሃቱ መጣ፦ ያለማቋረጥ ማብራት ለምን አስፈለገ? ለአንድ ቅፅበት በቂ አይደለም? ለፎቶግራፍ ተብለው የተሠሩ የፍላሽ አምፖሎችን ካታሎግ አገላብጦ እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ የዜነን ፍላሽ አገኘ። የጣት ጫፍ የምታህለውን የሩቢ ዘንግ በስፕሪንጉ መሃል አስገባት፣ ሁለቱን ጫፎቿን ብር ቀባ፣ ዙሪያውን በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከበበው። የካፓሲተሩን ቮልቴጅ ቀስ በቀስ እየጨመረ መተኮስ ጀመረ።

ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም (በፈረንጅ ሜይ 16 ቀን 1960) የዓለም የመጀመሪያው ሌዘር በራ። ቀለሙ ጥልቅ ቀይ፣ የሞገድ ርዝመቱ 694.3 ናኖሜትር። ማይማን ያኔ 32 ዓመቱ ነበር። ጽሑፉን መጀመሪያ የላከለት ታዋቂ የፊዚክስ መጽሔት ሳይቀበለው ቀረ፤ ኔቸር ግን በኦገስት 1960 አወጣው። ጋዜጦች ደግሞ «የሞት ጨረር ተፈለሰፈ» ብለው ጮሁ።

ወሬው ያዝናናል፣ ለኛ ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ ያ የመጀመሪያ ማሽን የተሰራው በገበያ ላይ ከሚሸጥ የፎቶ ፍላሽ፣ ከካፓሲተርና ከአንድ ክሪስታል ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ የሚሰራውም መሠረቱ ያው ነው። ያኔ ሰዎች የሌዘርን ጉልበት በቀልድ «ስንት ጂሌት ነው?» እያሉ ይለኩት ነበር፣ ስንት ምላጭ እንደሚበሳ ማለታቸው ነው። የቪዲዮው ምላጭ ከዛ የመጣ ወግ ነው።

▪ ከሩቢ ወደ ያግ፦ የፎቅ ልዩነት

ሩቢ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ኤሌክትሮኑ ሲወርድ የሚያርፈው ግራውንድ ላይ ነው፣ ግራውንዱ ደግሞ ሁሌም በነዋሪ የተጨናነቀ ነው። ላይ ያሉት እንዲበልጡ ከፈለጋችሁ ከጠቅላላው ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ማውጣት አለባችሁ። ይሄ ብዙ ጁል ይበላል።

በ1964 ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠራው ኤንዲ-ያግ ግን ይሄን ችግር አቃለለው። ያግ ግልፅ ክሪስታል ነው፣ ውስጡ አንድ ፐርሰንት ገደማ ኒዮዲሚየም የሚባል ንጥረ ነገር ይገባበታል። በዚህ ኮንዶሚኒየም ኤሌክትሮኑ ሲወርድ የሚያርፈው ግራውንድ ላይ ሳይሆን አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። አንደኛ ፎቅ ደግሞ ሁሌም ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ እዛ የደረሰ ሁሉ ወዲያው ወደ ግራውንድ ይሮጣል። ባዶ ፎቅን ለመብለጥ ጥቂት ኤሌክትሮን ይበቃል። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ የሚሰሩ ሰዎች አብዛኞቹ ኤንዲ-ያግ የሚመርጡት። ዘንጉን ከድሮ ወታደራዊ የርቀት መለኪያ ወይም ከኦንላይን ከሚሸጡ ርካሽ የንቅሳት ማጥፊያ ማሽኖች ያወጡታል።

ግን እዚህ ጋ ጊዜ እንደገና ይመጣል። ኤሌክትሮኑ ላይኛው ፎቅ ላይ ለዘላለም አይቀመጥም። በሩቢ ውስጥ ወደ 3 ሺህኛ ሰከንድ ይቆያል። በኤንዲ-ያግ ግን ሩብ ሺህኛ ሰከንድ እንኳን አይሞላም፣ 230 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ፍላሹ ከዛ በጣም ከዘገየ የወጡት እየወረዱ አዲስ እየወጣ ነው፣ የተቀደደ ባልዲ መሙላት ነው። በጣም ከፈጠነ ደግሞ አምፖሉ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ከልክ ያልፍና አምፖሉ ይፈነዳል። ለዚህ ነው በካፓሲተሩና በአምፖሉ መሃል የሽቦ ጥቅል (ኢንዳክተር) የሚገባው፤ ከረንቱን ያዝ አድርጎ የፐልሱን ቅርፅ ያስተካክላል።

ብክነቱም ብዙ ነው። የፍላሽ አምፖል ነጭ ብርሃን ነው የሚያወጣው፣ ክሪስታሉ ግን ከዛ ውስጥ የሚፈልገው የተወሰኑ ቀለሞችን ብቻ ነው። ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ካፓሲተር ውስጥ ከነበረው 100 ጁል ሌዘር ሆኖ የሚወጣው በጥሩ ማሽን እንኳን 1፣ 2 ወይም 3 ጁል ነው።

▪ ሁለት መስታወትና አንድ በር

ፀጉር ቤት ቁጭ ብላችሁ ከፊትም ከኋላም መስታወት ሲኖር ምስላችሁ ማለቂያ እስኪያጣ ሲደጋገም አይታችኋል። ሌዘርም እንደዛ ነው። ዘንጉ በሁለት መስታወት መሃል ይቀመጣል። አንዱ ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፣ ሌላው ትንሽ ያሳልፋል። ብርሃኑ እየተመላለሰ በየዙሩ ይባዛል። የሚባዛው ከሚባክነው ሲበልጥ ሌዘሩ ይነሳል። ከዛ በታች ከሆነ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ብትተኩሱ ተራ ብልጭታ ብቻ ነው። ያችን ድንበር «ትሬሾልድ» ይሏታል፤ ማይማን ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ሲጨምር የነበረው እሷን ፍለጋ ነው።

በ1962 እዛው ሂዩዝ ውስጥ ማክለንግና ሄልዋርዝ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ተንኮል ጨመሩ። በመስታወቶቹ መሃል በር አስገቡ። ፍላሹ ሲበራ በሩ ዝግ ነው፣ ብርሃኑ መመላለስ አይችልም፣ ኤሌክትሮኖቹ ላይ ይከማቻሉ። ጢም ብሎ ሲሞላ በሩ በድንገት ይከፈታል። የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይወርዳል። ይሄ «ኪው-ስዊች» ይባላል።

ውጤቱን በቁጥር እዩት። አንድ ፐልስ 100 ሚሊጁል አለው እንበል። ይሄ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሴንቲሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ኢነርጂ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም። ግን የሚወጣው በ10 ናኖሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን ራሱ የሚጓዘው 3 ሜትር ብቻ ነው። ስናካፍለው 10 ሚሊዮን ዋት ይሆናል። በምጣድ ከቆጠርነው ከ2,500 በላይ ምጣድ በአንዴ ተሰክቶ ማለት ነው፣ ለዛች ቅፅበት። ምላጩን የሚበሳው ይሄ ነው።

ይሄ ዘዴ የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት ከፈለጋችሁ ካሊፎርኒያ ወዳለው ብሔራዊ የኢግኒሽን ተቋም ሂዱ። እዛ 192 ጨረሮች አሉ። ፓምፑ ያው የዜነን ፍላሽ ነው፣ ግን 7,680 አምፖሎች፣ እያንዳንዱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ። ካፓሲተሮቹ ወደ 400 ሚሊዮን ጁል ይይዛሉ። በቆጣሪ ቋንቋ 111 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ዲሴምበር 5 ቀን 2022 ላይ 2.05 ሚሊዮን ጁል ሌዘር አንዲት ቅንጣት ላይ ተኩሰው 3.15 ሚሊዮን ጁል የኒውክሌር ፊውዥን ኢነርጂ አገኙ። ከገባው የሌዘር ብርሃን በላይ ማለት ነው፣ ካፓሲተሮቹ ከያዙት ግን ገና በጣም ያነሰ። ከምትጣለዋ ካሜራ እስከዚህ ድረስ መርሁ አንድ ነው።

▪ አንደኛው ዋጋ፦ ልብ

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ልቡ ምቱ የጠፋበትን ሰው ለማዳን ሐኪሞች ደረቱ ላይ የሚያሳርፉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ከ120 እስከ 360 ጁል ነው። አንድ 1,000 ማይክሮፋራድ የሚሆን የካፓሲተር ክምችት በ800 ቮልት ሲሞላ 320 ጁል ይይዛል። ልዩነቱ፦ ሐኪሙ የልብን ምት ለመመለስ በልክ ነው የሚሰጠው፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ግን ጤነኛ ልብን ነው የሚያገኘው። አንድ ምት ይበቃዋል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

የኛ ሰፈር ልጆች ከኤሌክትሪክ ጋር የተማርነው ጥንቃቄ እዚህ አይሠራም። «ቆጣሪ አጥፋ፣ ከዛ ንካ» ነው የተባልነው። ካፓሲተር ግን ቆጣሪ አያውቅም። ሶኬቱን ብትነቅሉት፣ መብራት ቢሄድ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቢጨልም የተሞላው ካፓሲተር እንደተሞላ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ይባስ ብሎ፣ ትላልቅ ካፓሲተሮች «አፈሰስኩት» ካላችሁት በኋላ ከደቂቃዎች ቆይታ ቮልቴጃቸው በከፊል ተመልሶ ይመጣል። ውስጣቸው ያለው መከላከያ ንብርብር የተወሰነ ቻርጅ ደብቆ ይይዝና ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ለዛ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ካፓሲተሩ ላይ በቋሚነት የሚያፈስ ሬዚስተር የሚያስሩት፣ ሥራ ላይ ካልሆነም ሁለቱን እግሮች በሽቦ አገናኝተው የሚያስቀምጡት። በካቻቢቴ ማገናኘት ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ በመቶ የሚቆጠር ጁል ብረቱን አቅልጦ ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል።

የምትጣለዋ ካሜራስ? 6.5 ጁል አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። ግን 330 ቮልት ነው፣ ጣት ያቃጥላል፣ ሰውን ከመሰላል ላይ ይጥላል። ፈታታችሁ የምትጫወቱበት ነገር አይደለም።

▪ ሁለተኛው ዋጋ፦ ዓይን

የኤንዲ-ያግ ጨረር 1064 ናኖሜትር ነው። ይሄ ኢንፍራሬድ ነው፣ አይታይም። ቪዲዮው ላይ የምታዩት ብልጭታ የፍላሹና የሚቃጠለው ብረት ነው፤ ጨረሩ ራሱ የት እንደሄደ ማንም አያይም።

ዓይናችሁ አያየውም ማለት ግን አያስገባውም ማለት አይደለም። ከ400 እስከ 1400 ናኖሜትር ያለ ብርሃን በሙሉ የዓይንን ፊት አልፎ ሬቲና ላይ ይደርሳል። የዓይን ሌንስ ደግሞ ሰብስቦ አንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል፤ ጥንካሬው እስከ 100 ሺህ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። በማጉያ መነፅር ፀሐይን ሰብስባችሁ ወረቀት አቃጥላችሁ ከሆነ ሐሳቡ ይገባችኋል።

«ዓይኔን እጨፍናለሁ» አትበሉ። ሰው ሲደነግጥ ዓይኑን ለመጨፈን ሩብ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፣ ያውም ብርሃኑን ካየው ነው። የኪው-ስዊች ፐልስ በዛ ጊዜ ውስጥ 25 ሚሊዮን ጊዜ አልቆ ያበቃለታል። ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም። የሞተው የሬቲና ክፍል ተመልሶ አይበቅልም።

ቀጥታ መመልከትም አያስፈልግም። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓት፣ ሴራሚክ፣ የካቻቢቴ ጫፍ፣ ማንኛውም የሚያብረቀርቅ ነገር መልሶ ዓይናችሁ ላይ ሊወረውረው ይችላል።

የፀሐይ መነፅር ምንም አይረዳም። የሌዘር መነፅርም ለየትኛው የሞገድ ርዝመት እንደተሠራ ካልታወቀ መተማመኛ አይሆንም፤ ለአረንጓዴ የተሠራ መነፅር 1064ን ዝም ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። «በስልኬ ካሜራ ነው የማየው» የሚሉም አሉ። ዓይንን ያድን ይሆናል፣ ካሜራውን ግን ሊገድለው ይችላል፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ ጨረር የማይጠፋ ነጥብ ወይም መስመር ትቶ ይሄዳል።

የሚገርመው ደግሞ ይሄው ሌዘር ዓይን ያድናል። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው። የሞራ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሰዎች መሃል አንዳንዶቹ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ይደበዝዝባቸዋል፤ ከተተከለው ሌንስ ኋላ ያለው ስስ ሽፋን ስለሚደፈርስ ነው። ሐኪሙ በኤንዲ-ያግ ሌዘር ጥቂት ሚሊጁል ተኩሶ ያንን ሽፋን ይከፍተዋል። ቢላ የለም፣ ስፌት የለም፣ ታካሚው ዕለቱን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሐኪሙ ጨረሩን በሰፊ አንግል ሽፋኑ ላይ ብቻ ያተኩረዋል፣ ከዛ አልፎ ሬቲና ጋ ሲደርስ ተበታትኗል። ተመሳሳዩ ጥቂት ሚሊጁል ቀጥ ብሎ ሳይታሰብ ከገባ ግን የሚያርፈው ሬቲና ላይ ነው። ማሽኑ ያው ነው፣ ብርሃን ይሰጣል፣ ብርሃን ይወስዳል።

▪ ምናልባት አሁን ኪሳችሁ ውስጥ አለ

«እኔ ይሄን ሁሉ አልሰራም» የምትሉ ቆዩ። መንገድ ላይ የሚሸጠው አረንጓዴ የሌዘር ብዕር ራሱ በኦፕቲካል ፓምፒንግ ነው በብዛት የሚሠራው። ውስጡ ያለች ትንሽ ዳዮድ 808 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ታወጣለች፣ ያ ኒዮዲሚየም ያለበትን ክሪስታል ያነሳሳና 1064 ያወጣል፣ ሁለተኛ ክሪስታል ደግሞ 1064ን ለሁለት ከፍሎ 532 ያደርገዋል፦ የምታዩት አረንጓዴ።

ጥሩ ብዕር መጨረሻ ላይ የተረፈውን ኢንፍራሬድ የሚያስቀር ማጣሪያ አለው። ርካሾቹ ላይ ግን ማጣሪያው ላይኖር ይችላል። በ2010 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም አንድ 10 ሚሊዋት ነው የተባለ ርካሽ አረንጓዴ ብዕር ሲመረምር፣ አረንጓዴው ደብዛዛ ሆኖ 20 ሚሊዋት የሚጠጋ የማይታይ ኢንፍራሬድ ሲያፈስ አገኘው። «ደካማ ነው» ብሎ ልጅ የሚያስይዘው ሰው ምን እንደሰጠ አያውቅም። ስለዚህ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ብዕር ደህና ነው ማለት አይደለም። ለታናናሾቻችሁ መጫወቻ አትስጡ፣ ኳስ ሜዳ ላይም የሰው ዓይን ላይ አታብሩ።

▪ ታዲያ ምን እንሞክር?

ሁሉንም ተዉት እያልን አይደለም። ዋናዎቹን ሐሳቦች ማንም ሳይጎዳ መሞከር ይቻላል።

1. በብርሃን ማንሳት፦ ሱቆች ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ታውቁታላችሁ። ጨለማ ውስጥ በኦሞ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ላይ አብሩት። ሸሚዙ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የሳሙናው ማንጫ ኬሚካል የማይታየውን ብርሃን በልቶ ኤሌክትሮኑ ወደ ላይ ወጣ፣ ሲወርድ የሚታይ ብርሃን ለቀቀ። ይሄ የፓምፒንግ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። መብራቱን ራሱን ግን አትመልከቱት።

2. ፐልስድ ፓወር፦ 9 ቮልት ባትሪ፣ 1,000 ማይክሮፋራድ (ቢያንስ 16 ቮልት የሚችል) ካፓሲተር፣ 470 ኦም ሬዚስተርና አንድ ኤልኢዲ ይበቃል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሳታምታቱ ካፓሲተሩን በባትሪው ሙሉት፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ በሬዚስተሩ በኩል ኤልኢዲው ላይ አፍስሱት። ቦግ ብሎ ቀስ እያለ ይጠፋል። ኢነርጂውን በቀመሩ አስሉት፣ 0.04 ጁል ታገኛላችሁ። ከዛ 330 ቮልት ቢሆን ስንት እንደሚሆን በወረቀት ላይ ብቻ አስሉት።

3. የማይታይ ብርሃን፦ የቲቪ ሪሞት ወደ ስልካችሁ የፊት ካሜራ አዙራችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ዓይናችሁ ያላየው ብልጭታ ብዙ ስልኮች ላይ ስክሪኑ ላይ ይታያል። «አላየሁትም» እና «የለም» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለታናሽ ወንድማችሁ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የለም።

ከዚህ አልፎ በእውነተኛ ሌዘር መሥራት ለሚፈልግ ቦታው የዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ላብ ነው፤ የተቆለፈ በር፣ ትክክለኛ መነፅር፣ አጠገብ የሚቆም ሁለተኛ ሰው ባለበት። በከፍተኛ ቮልቴጅ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሲወድቅ ሶኬቱን የሚነቅልለት፣ አምቡላንስ የሚጠራለት የለም። የቪዲዮው ልጅ ካሜራ የያዘለት ሰው እንዳለ አስተውላችኋል?

«እኔም እሰራዋለሁ» ብሎ ኮሜንት የጻፈ ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ላኩለት። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ ከሥር ጻፉልን፣ የቻልነውን እንመልሳለን።